ሳይለካ የተሰፋው ኮት

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የመርፌን ጉድ ግን ብቅል አላወጣውም፤ እሷና መጠጥ አይተዋወቁም። ጉዷን ያወጣው የገዛ መቀሷ ነው።

መርፌ የቅጽል ስሟ ነው። ያወጣችላት አብሮ አደጓ ናት፣ ዛሬ መምህርት የሆነችው። ተማሪ ቤት ሳሉ አንዷ ቀጭንና ነገረ ፈጣን፣ ሌላዋ ረጅምና ለስላሳ ነበሩ። "አንቺ መርፌ፣ እኔ ክር። አንቺ የገባሽበት ሁሉ ተከትዬሽ እገባለሁ" አለቻት አንድ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ በስማቸው የሚጠሯቸው እናቶቻቸው ብቻ ሆኑ። አደጉ፣ አገቡ። የመርፌ ባል ጥሏት የሄደ ጊዜ፣ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ እንደ ሕፃን በማንኪያ ያጎረሰቻት ክር ናት። ይህን የልብስ ስፌት ቤት ስትከፍት፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና ከታች ይዛ እየገፋች ደረጃውን ያወጣችላትም ክር ናት። ደንበኛ ያመጣችላትም እሷው ናት፤ "እህቴ እኮ የተረፈ ጨርቅ እንኳ ለባለቤቱ የምትመልስ ሰፊ ናት" እያለች። እውነቷን ነው። ሌላው ሰፊ ቁራጭ ያስቀራል፤ መርፌ ግን መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብትተርፍ አጣጥፋ ከልብሱ ጋር ትመልሳለች። በዚህ ትታወቃለች፣ በዚህም ትኮራለች።

የሰው ባል ግን አልመለሰችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መርፌ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየጠቀመች ሳለ፣ ክር ደረጃውን እየዘለለች መጥታ ዘው አለች። ፊቷ በርቷል።

"መርፌዬ! እልል በይልኝ፣ ዳኛ ሆነልኝ!"

"ማን?"

"ማን ይሆናል በሞቴ? የኔ ጠበቃ ነዋ! በወሩ መጨረሻ ቃለ መሐላ ይፈጽማል።"

መርፌ ይህን ወሬ ትናንት በምሳ ሰዓት ከራሱ ከጠበቃው አፍ፣ አንገቷ ሥር ተሸጉጦ ሲያንሾካሹክ ሰምታዋለች። ግን ዓይኗን በጨው አጥባ "ውይ በእናትሽ! እውነትሽን ነው?" ብላ ብድግ አለች። ተቃቀፉ። ክር ትከሻዋ ላይ ትንሽ አለቀሰች፣ በራሷ ሳቀች፣ ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነበር፣ ከጥሩም ጥሩ።

"ኮት ስፊለት። ግን ምስጢር ነው፣ ድንገት ላለብሰው ነው። ስለዚህ አትለኪውም። ይኸው፣ አሮጌ ኮቱን እሱ ሳይነቃ በጨለማ ከቁም ሳጥን መዝዤ አምጥቻለሁ፤ በዚህ ልክ ቁረጪው።" አፉ በቀይ ክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ፌስታል አቀበለቻት።

"ምነው እንዲህ ቋጠርሽው፣ እንዳያመልጥ ነው?"

"ታውቂኝ የለ፣ መንገድ ላይ ይበተንብኛል እያልኩ ነው።" ክር ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስሚ ደግሞ። ሰሞኑን ምን እንደነካው እንጃ። ያዜማል። ለብቻው ፈገግ ይላል። ከሥራ ሲመጣ ግንባሬን ይስመኛል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።"

"ሹመቱ ነዋ" አለች መርፌ። የያዘችው እስፒል ጣቷን ወጋት።

"ኧረ ከሹመቱም በፊት ነው። ብቻ ምንም ይሁን፣ ደስ ብሎኛል። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?"

ክር ከሄደች በኋላ መርፌ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ያ ዜማ የሷ ነው። ያ ፈገግታ የሷ ነው። ግንባር መሳሙም ከሷ ተርፎ የሄደ ነው። ጓደኛዋ ያንን ይዛ "ደስ ብሎኛል" ስትል መስማት ሊያሳፍራት ሲገባ አስቀናት። ሰው እንዲህ ነው፤ ሰርቆ ሲያበቃ በባለቤቱ ይቀናል።

ፌስታሉን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። አልፈታችውም። ምን ሊጠቅማት? ጨርቁን ዘረጋች፣ ጠመኔውን አነሳች፣ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነችና መዳፏ የሚያውቀውን ሁሉ አሰመረችበት። የደረቱን ስፋት፣ የወገቡን መጥበብ፣ የክንዱን ርዝመት። ግራ ትከሻውንም አልረሳችም። ጠበቃው ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ያ ትከሻ ተሰብሮ ነበር፤ ሲገጥም ዝቅ ብሎ ገጠመ። ሁልጊዜ ቦርሳውን በዚያ በኩል ስለሚያነግት አይታወቅበትም። የሚያውቁት እናቱና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። መርፌ በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ስፖንጁን ደረብ አድርጋ ሰፋችበት። ኮቱን ሲለብስ እንደማንም ሰው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ፈልጋ ነው፤ ያን ያህል ትወደዋለች።

ማን ይጠይቃታል? ቢጠይቋትም ልኩ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼኔ ነው።

*

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ጠበቃው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። መርፌ እግሩ ሥር ተንበርክካ እስፒል እየሰካች ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አልሰበሩም። ሱሪው አጠረ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ያኛው እንኳን ሊያጥር ጭራሽ አጭር ነበር። ሁለቱም ይህን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ "ለምሳ ወጥተናል" የሚለው ሰሌዳ በሩ ላይ በተንጠለጠለ ቁጥር፣ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ምሳ በልተው አያውቁም።

ኮቱ ባለቀ ማግስትም ሰሌዳው ተንጠልጥሎ ነበር። ልብስ መለኪያው መጋረጃ ውስጥ፣ እሱ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ እሷ የኮሌታውን ጫፍ እያስተካከለችለት ቆመዋል። ኮቱ ከራሳቸው በላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ እሱ አላወቀም፣ እሷም አልነገረችውም። የክርን ምስጢር ጠብቃለች። አንዳንድ ጊዜ ታማኝነት የማይሆን ቦታ ላይ ትገኛለች።

"የምምል ለት እነግራታለሁ" አላት።

"ይሄን ስትለኝ ስንተኛህ ነው?"

"ይሄኛው ይለያል። ዳኛ ልሆን ነው እኮ! ውሸት ታቅፌ እንዴት ያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ?"

"መንገድ ላይ ስታየኝ እንኳ በአገጭህ ነው ሰላም የምትለኝ።"

"ሰው ፊት ስለሆነ ነዋ የኔ ቆንጆ።"

"እኔ የምፈልገው እኮ ሰው ፊት ነው!" ድምጿ ተሰበረ። "አንድ ቀን፣ አንድ ሰው እንኳ እየሰማ፣ 'ይቺ የኔ ናት' በለኝ። ከዚያ በኋላ ብትሄድም ሂድ፣ አልይዝህም። እኔ እኮ ያለሁት እዚህ መጋረጃ ውስጥ ብቻ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ የለሁም።"

ፊቷን በሁለት እጁ ያዘው። ያ ሰው ሲናገር ድንጋይ ያሳምናል፤ እንጀራውም በዚሁ ነው።

"ስሚኝ። ማንም ቢጠይቀኝ አልክድሽም። እናቴም ትሁን፣ ማንም ትሁን። ጠይቀው ይሞክሩኝ።"

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይቀላል፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ። መርፌ ግን ቃሉን ተቀብላ እንደ ተሰፋ ልብስ ለበሰችው። እሱ በጓሮ በር ወጥቶ ሲሄድ ሰሌዳውን ገለበጠች፣ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ እያዜመች መስፋት ጀመረች። ስታዜም ያዳመጠ ሰው ቢኖር፣ ዜማው ከክር ቤት የሚሰማው ያው ዜማ መሆኑን ያውቅ ነበር።

*

እሑድ ዕለት ክር ቤት ተጠራች። "ኮቱን ይዘሽ ነይ፣ አንቺ ባለሽበት ይልበሰው" ተባለች።

ሳሎኑ ውስጥ አማቲቱ፣ የጠበቃው እናት፣ ምርጡን ወንበር ይዘዋል። መርፌ ገና ከበሩ ስትገባ ከእግሯ ጀምረው አዩዋትና "አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን እዚያው ጥረጊ፣ ምንጣፉ ትናንት ነው የታጠበ" አሏት። ላለፉት ብዙ ዓመታት ከዚህ ቤት ወጥታ ገብታለች፤ ለሳቸው ግን ሁልጊዜ ሰፊዋ ናት። ኮቱን፣ እንደታሰረ የመጣውን ፌስታልና አጣጥፋ በላስቲክ ያደረገችውን ቁራጭ ጨርቅ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ጠበቃው መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣ ይዞ ቆሟል። በአገጩ ሰላም አላት።

ክር ከጀርባ መጥታ በሁለት እጇ የባሏን ዓይን ሸፈነች። "አትይ! ስጦታ አለህ!"

ይኼኔ በሩን በርግዶ የክር ታላቅ ወንድም ገባ። ሰፈሩ በሆዱ ምክንያት በርሜሉ ይለዋል፤ እሱም አይቀየምም።

"የኔን ኮት የወሰደው የዚህ ቤት ሌባ ማነው?"

"የቱን ኮት ጋሼ?" አለች ክር።

"ግራጫውን ነዋ! ዝናብ የመታኝ ለት እዚህ አውልቄው በሸሚዝ የሄድኩትን። ቁም ሳጥን ውስጥ እኔው ነኝ የሰቀልኩት።"

ክር እጇን ከባሏ ዓይን ላይ አውርዳ አፏን ያዘች። "ወይ ጉዴ! ግራጫ ነው ያልከው? መርፌዬ፣ የሰጠሁሽ ኮት ግራጫ ነበር?"

መርፌ ወደ ፌስታሉ ዞረች። ግራጫ ይሁን ጥቁር፣ ነብርማ ይሁን አረንጓዴ፣ በምን ታውቃለች? "ግ... ግራጫ መሰለኝ" አለች።

ክር ፌስታሉን አነሳች። ቋጠሮው እምቢ ሲላት ቀዩን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ከውስጥ ድንኳን የሚያህል ግራጫ ኮት ወጣ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ። "አለቀልን! ሰርፕራይዙን በጋሼ ልክ አሰፋሁት! ያን የመሰለ ጨርቅ! መርፌዬ ይቅር በይኝ፣ በከንቱ አደከምኩሽ!" እያለች ክር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አማቲቱም ሳይወዱ ሳቁ።

"እንግዲያው የኔ ነው፣ አምጪው!" ብሎ በርሜሉ አዲሱን ኮት ነጠቃት። አንድ ክንዱን አስገባ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ቢገፋ፣ ቢጎትት፣ እጅጌው ክርኑ ላይ ቆመ። "ኧረ በሕግ! ይሄ በኔ ልክ ነው የተሰፋው? ሆዴን የት አስቀምጬው ነው?"

ሳቁ ቀጠለ። መርፌ ብቻ አልሳቀችም። ክር የባሏን እጅ ይዛ "በል አንተ ሞክረው፣ ማን ያውቃል" አለችና አለበሰችው።

ኮቱ ገባ። ደረቱ ላይ ሰው እንደቀባው ሆኖ ተቀመጠ። ወገቡ ገጠመ። እጅጌው አንጓው ላይ በትክክል ቆመ። ትከሻው በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ ተስተካከለ። ሳቁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ጠፋ፤ በመጨረሻ ያቆመችው ክር ነበረች።

ወደ ባሏ ተጠጋች። እጇን ከኮቱ ሥር አስገብታ ግራ ትከሻው ላይ ያለውን ስፖንጅ ዳበሰችው። ቀኙን ዳበሰች። እንደገና ግራውን። ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቀይ ክር አጎንብሳ አነሳችው።

"ይሄን የቋጠርኩት እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "አልፈታሽውም። ቋጠሮዬ እንደነበረ ነው የመጣው።"

ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

"ስለ ትከሻው ማን ነገረሽ?"

"በ... በዓይን ይታያል እኮ" አለች መርፌ።

"አይታይም። እኔ ራሴ ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው።" ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ ንገረኝ እስቲ። ይቺ ልጅ ያንተን ልክ ከየት አመጣችው?"

መርፌ ቀና ብላ አየችው። ያ የጠበቀችው ቀን መጣ፣ ያውም ሰው ፊት፣ ያውም እናቱ ፊት። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ይሆናል ብላ አልገመተችም፤ ግን ልቧ፣ ያ ሞኝ ልቧ፣ በድንጋጤው መሀል በደስታ መታ። በለኝ አለች በዓይኗ። አሁን በለኝ።

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ችሎት ፊት የቆመ መሰለ።

"ስላንቺ ስል ዝም ያልኩት ነገር አለ" አላት ሚስቱን። "ሱሪ ላሳጥር የሄድኩ ጊዜ፣ ይቺ ሴት ስትለካኝ እጇ ከሚገባው በላይ ይቆይ ነበር። ባሏ የጣላት ብቸኛ ሴት ናት ብዬ አዘንኩላት። ጓደኛሽ ስለሆነችም ላላስቀይምሽ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ውጭ እኔ ልብስ ሰፊ ከመሆኗ በቀር አላውቃትም።"

"ድሮም!" አሉ አማቲቱ። "ባጎረሰች ተነከሰች የኔ ልጅ!"

"እማማ፣ ዝም ይበሉ" አለች ክር። በዚህ ቤት አማቲቱን ዝም ይበሉ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሄዳ መርፌ ፊት ቆመች፣ ሁለት እጇን ያዘቻት።

"መርፌዬ፣ እሱን ተዪው። እሱ ጠበቃ ነው። አንቺ ንገሪኝ። እሱን ሳላውቀው አንቺን ነው ያወቅሁሽ። ምንም የለም በይኝ፣ አምንሻለሁ። በዓይኔ ገምቼ ሰፋሁት በይኝ፤ እንስቃለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ቋጠሮውንም እረሳዋለሁ። የተረፈ ጨርቅ የምትመልሺ ሰው ነሽ እኮ አንቺ። በይ በይኝ። በይኝ እባክሽ።"

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በልልኝ። በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ውሸት ጓደኝነቷን፣ ሥራዋን፣ ስሟን ታተርፍላት ነበር። ያቺ ሴት እንድትዋሽላት እየለመነቻት ነው። መርፌም ልትዋሽ አፏን ከፍታ ነበር። ግን ዓይኗ በክር ትከሻ ላይ አሻግሮ ጠበቃውን አየው። እሱ መስታወቱ ፊት ቆሞ የኮቱን መሀል ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። ወደ ጎን ዞር ብሎ ትከሻውን አየ። ወደደው።

"ውሸቱን ነው" አለች መርፌ።

"እ?"

"ውሸቱን ነው! ሲተኛ በቀኙ ነው የሚዞረው፣ ያ ትከሻው እንዳይጫነው። እጄን ከሥሩ የማስገባለት እኔ ነኝ። የሚያዜመው ዜማ የኔ ነው። ግንባርሽን የሚስምሽም ከኔ ሲመጣ ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሁም! ጠይቂው! ዓይኑን አይተሽ ጠይቂው!"

ለእውነት ብላ አልነበረም የተናገረችው። እንዳትካድ ብላ ነው። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሲያልቅ የክርን ፊት አየችና ሁሉንም መልሳ ልትውጠው ፈለገች። ክር አልጮኸችም። የያዘችውን እጅ ለቀቀች፣ በእጇ ጀርባ ግንባሯን ጠረገች። እንደገና ጠረገችው። ቆዳው እስኪቀላ ድረስ ስትጠርግ ማንም ሊያስቆማት አልደፈረም።

"ኮቱ ያምርብሃል" አለች በመጨረሻ። "አታውልቀው። የምትምለው በሱ ነው።"

መርፌን ውጪ አላለቻትም። እንዳለች አልቆጠረቻትም። መርፌ የቤቱን ደረጃ ስትወርድ ከላይ የሚከተላት እግር ይኖር እንደሁ እያዳመጠች ነበር፤ የማንን እግር እንደምትጠብቅ ግን ራሷም አላወቀችውም።

*

መሐላው ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት መርፌ በምሳ ሰዓት ሰሌዳውን አልሰቀለችም፤ በሩን ከፍታ ተቀምጣ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ደንበኞቿም ቀነሱ። ጨርቃቸውን መልሰው የወሰዱት "አመመኝ"፣ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ነው ያሉት፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ ወሬው ቀስ እያለ ደርሷል። መስታወቱ ፊት ስትቆም ማንን እንደምታይ ጠፋባት። የተተወች ሚስት ሆና ታውቃለች፤ ያኔ ግን የክር ጓደኛ ነበረች። አሁን የማን ምን እንደሆነች አታውቅም።

አንድ ጠዋት ወሬው ገና ያልደረሳት አዲስ ደንበኛ፣ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ጎልማሳ ሴት፣ ተራዋን ተቀምጣ ስትጠብቅ ደረጃው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ተሰማ። ዳኛው ገባ፣ ያንን ኮት እንደለበሰ። ከኋላው ክር ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች።

"እንደምን አደሩ" አለ ዳኛው፣ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ። "ሥራ ካልበዛብዎት ይሄን ኮት እንዲያስተካክሉልኝ ነበር።"

እንደምን አደሩ። እንዲያስተካክሉልኝ። መርፌ ጠረጴዛውን ያዘች። ካደኝ ስትል ከርማ ነበር፤ ከመካድ የከፋ እንዳለ አሁን አየች።

"ምኑን ነው የማስተካክለው?"

መልሱ ከበሩ መጣ። "ትከሻው ውስጥ ያለውን አውጪልኝ" አለች ክር። ድምጿ የመምህር ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ለክፍል ሙሉ የሚሰማ። "እንደተፈጠረ ይታይ። ሰውየው የተሰበረ ነው፣ ሰው ይወቅለት።"

የዳኛው ጆሮ ቀላ። ሲናገር ድንጋይ የሚያሳምነው ሰው፣ ሚስቱ ፊት እንደ ተማሪ ቆሟል። መርፌ ያን ጊዜ ገባት። ክር አልፈታችውም። አትፈታውምም። እንዲህ እያደረገች ታኖረዋለች።

ኮቱን ተቀብላ ገበሩን ተረተረችው። ከሥሩ፣ በስስት የሰፋችውን ስፖንጅ አወጣች። መልሳ ልትሰፋ መርፌ ስታነሳ "ቆይ" አለቻት ክር።

"መጀመሪያ ለኪው።"

"ምን?"

"ለኪው። ያን ጊዜ ሳትለኪ ነው የሰፋሽው። ሰፊ እንዲህ አይሠራም። ሜትርሽን አንሺና በደንብ ለኪው፣ እኔም ልይ።"

ጎልማሳዋ ሴት "እውነት ነው፣ ኮት ካልተለካ አይሆንም" ብላ ጨመረች፣ ምንም ሳታውቅ።

መርፌ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አነሳች። ደረቱን ዞረችው፤ እሱ ትንፋሹን ይዞ ጣራ ጣራ ያያል። በዚህ ደረት ላይ ስንት ቀን አልቅሳለች። "ቁጥሩን ጥሪው" አለች ክር። ጠራችው። "አልሰማሁም።" ጮክ ብላ ጠራችው። ወገቡን። ጠራችው። ክንዱን። ጠራችው። ክር እያንዳንዷን ቁጥር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከሷ ጋር ደገመችው። "አሁን ትከሻውን። ግራውን።" መርፌ ጣቷን ያ አጥንት ላይ አሳረፈች።

"እጅሽ ከሚገባው በላይ እንዳይቆይ" አለች ክር።

መርፌ እጇን አነሳች። ገበሩን ሰፍታ ዘጋችው። ዳኛው ኮቱን ሲለብስ ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ ወረደ፣ ያ ሁሉ ግርማ በአንድ ጊዜ ተንጋደደ። ክር ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ በስስት ሳይሆን እንደ ቤት ዕቃ። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ላስቲክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያ የተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፣ ልክ እንደታጠፈ።

"ይሄን ትተሽው ሄደሽ ነበር። ያንቺ ነው። ከኛ ቤት ካንቺ ጋ የሚቀረው ይሄ ብቻ ነው።"

መርፌ ራሷን መያዝ አቃታት። ጠረጴዛውን ዞራ ተጠጋቻት። "ክሬ... አንዴ ስሚኝ፣ ክሬ..."

"መምህርት በይኝ" አለች ክር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እንዲወርድ አልፈቀደችለትም። ባሏን በክንዱ ይዛ ወጣች። ደረጃውን ሲወርዱ እግራቸው አንድ ላይ ይሰማ ነበር፣ ከዚያ አልተሰማም።

ጎልማሳዋ ሴት ተነስታ በመስኮት አየቻቸው። "ምን ያለች ጨዋ ሴት ናት። ባሏን ይዛ መጥታ ስታስለካ! ታውቂያታለሽ እንዴ?"

መርፌ የሰማያዊውን ጨርቅ ጠርዝ በጣቷ እያሸች ቆመች። ያጎረሰቻት ማንኪያ ትዝ አላት። ደረጃው ላይ የስፌት መኪናዋን ከታች እየገፋች "አይዞሽ፣ ደረስን" ያለችው ድምፅ ትዝ አላት። አፏን ከፈተች።

"አላውቃትም" አለች። "ደንበኛ ናት።"

"እንዲህ ነው እንዴ? እኔስ አንቺን ማን ብዬ ልጥራሽ?"

ስም ፈለገች። በዚያ ስም የምትጠራት ሰው አሁን ደረጃውን ወርዳ ሄዳለች።

"ሰፊዋ በይኝ" አለች፣ ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ እያነሳች። "ነይ እስቲ ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ። ሳልለካ አልሰፋም።"